ጥፍር የምታክል ዋይፋይና አምስት ኩንታል ጤፍ

ባለፈው ክረምት ነው። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ዣንጥላቸውን እንኳ ሳያጥፉ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ኮምፒውተር እጠግናለሁ።

«እታለም፣ ይሄ ዋይፋይ አቃጠለኝ እኮ» አሉ። «ስልኬ ላይ ይሮጣል። የልጅ ልጄ ኮምፒውተር ላይ ግን ሲዞር ይውላል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፤ አዲስ ራውተር እንዲያመጣልኝ ብር ልሰጠው ነው።»

«ጋሼ፣ ብሩን ዛሬ አይስጡት። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ልየው።»

ሄድኩ። ራውተሩ፣ ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያሰራጨው ሳጥን፣ ሳሎን፣ ቡፌው ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ከጓዳው አጠገብ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ሲፒዩው መሬት ላይ፣ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል። ጎኑ ላይ አምስት ኩንታል ጤፍ በጆንያ ተደርድሯል። ጎንበስ ብዬ ከጀርባ ሳይ ጥፍሬን የምታክል የዋይፋይ ሪሲቨር፣ ሲግናሉን ለኮምፒውተሩ የምትቀበልለት ዕቃ፣ ተሰክታለች። ከፊቷ የሲፒዩው ቆርቆሮ፣ ከኋላዋ ግድግዳ፣ ከጎኗ ጤፍ። እኔም ብሆን እዚያ ሆኜ የሚጠራኝን ሰው አልሰማም።

ከቦርሳዬ አንድ ሜትር የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ገመድ አወጣሁ። ሪሲቨሯን ነቀልኩ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ሰካሁ፣ ጠረጴዛው ላይ አወጣኋት። ሲዞር የነበረው ቪዲዮ ተነስቶ ሄደ። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩኝ። «በቃ?» አሉ። በቃ።

እኔ ጋ የሚመጣው የዋይፋይ ስሞታ አብዛኛው እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ ራውተሩን ይወቅሳል። ራውተሩ ይናገራል፤ የማይሰማው ኮምፒውተሩ ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፣ በተለይ ከቢሮ ያገለገለ ተብሎ የሚሸጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ዋይፋይ የለውም። የምንገዛለት ሪሲቨር ደግሞ ሱቅ ውስጥ ካለው ሁሉ ርካሹና ትንሹ ነው። ከዚያ ከጀርባው እንሰካውና እንረሳዋለን።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ምርመራ። እኛ ጎጃም ላይ ላለን ሰዎች ይሄ ነገር ይብሳል። ጥሩ ምርጫ ያለው መርካቶ ነው። የማይሆን ዕቃ ከመጣላችሁ ለመመለስ የዓባይን በረሃ እንደገና መሻገር ነው። እኔ በዚህ ስንፍና ምክንያት ሱቄ ውስጥ ማንም የማይገዛቸው ሦስት ሪሲቨሮች አሉኝ።

ጥፋተኛውን መለየት

ስልካችሁን ይዛችሁ ኮምፒውተሩ ያለበት ቦታ ቁጭ በሉ። አንድ ቪዲዮ ክፈቱ። ስልኩ እዚያው ቦታ ላይ ደህና ከሠራ፣ ኮምፒውተሩ ካልሠራ፣ ችግሩ ሪሲቨሩ ነው ወይም ሪሲቨሩ የተሰካበት ቦታ ነው። ሁለቱም እዚያ ቦታ ላይ ከተንቀራፈፉና ራውተሩ አጠገብ ሲሄዱ ከተሻላቸው፣ ችግሩ ርቀትና ግድግዳ ነው። ራውተሩ ሥር ቆማችሁም ከተንቀራፈፈ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣው መስመር ነው። እሱን በምንም ዕቃ አታስተካክሉትም፤ ብራችሁን ያዙ።

ትንሽ ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ ሰው፣ ስልክ ላይ የሚጫኑ ዋይፋይ አናላይዘር የሚባሉ አፖች አሉ። በነጻ የሚገኙ ናቸው። ሲግናሉን በቁጥር ይነግሯችኋል፤ ቁጥሩ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። -40 ከ-70 በጣም ይበልጣል። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። ራውተሩ አጠገብ ስትሆኑ -30 አካባቢ ታያላችሁ። እስከ -67 ድረስ ቪዲዮም ጥሪም ያለ ችግር ይሄዳል። -80 ከደረሰ ግንኙነቱ አለ ቢባልም የለም። ደግሞ 10 ቁጥር ሲወርድ ጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ ማለት ነው፤ ትንሽ ቁጥር መስሏችሁ አትናቁት።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ዘዴ ብዙ ደንበኛ አሳጥቶኛል። አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ስልኩ ራሱ የኮምፒውተሩ ሪሲቨር ይሆናል። ስልኩን ከቤቱ ዋይፋይ ጋር አገናኙ። የሞባይል ዳታውን አጥፉ፤ ካርዳችሁ እንዳይበላ። በቻርጀር ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር ሰኩት። ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት ከሚለው ጋር ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚል አለ፤ እሱን አብሩ። ኮምፒውተሩ በገመድ የተገናኘ መስሎት ኢንተርኔቱን ይይዛል። አይፎን ግን በዚህ መንገድ የሚያካፍለው የራሱን የሞባይል ዳታ እንጂ ዋይፋዩን አይደለም፤ እሱን ለዚህ አትልፉበት። የቆየ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አንድሮይድ መሳቢያ ውስጥ የተኛላችሁ ካላችሁ ሪሲቨር አለመግዛትም ይቻላል። አንድ ተማሪ በእንደዚህ ያለ ስልክ ሁለት ሴሚስተር ሲጨርስ አይቻለሁ።

ምን ልግዛ?

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ምን እንዳለው እዩ። የስታርት ምልክቱን በቀኝ ጠቅ አድርጉና ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ። ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለውን ዘርጉት። ዋየርለስ ወይም 802.11 የሚል ስም ካለ ዋይፋይ አለው ማለት ነው፤ ምናልባት ተዘግቶ ይሆናል። ላፕቶፕ ከሆነ የዋይፋይ ቁልፉን ወይም የአውሮፕላን ምልክቷን አንዴ ነክታችሁ ዕዩ። ለዚህች ቁልፍ ብቻ ከፍኖተ ሰላም ድረስ ላፕቶፕ ይዞ የመጣ ሰው አለ። አላስከፈልኩትም፤ ትራንስፖርቱ ይበቃዋል።

802.11 የሚለው ቁጥር የዋይፋይ ሕግ መለያ ነው። ከኋላው ያለው ፊደል ትውልዱን ይነግራል። ኤን የሚለው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው፤ አሁን ዋይፋይ 4 ይሉታል። ኤሲ በ2013 ጸደቀ፤ ዋይፋይ 5 ነው። ኤኤክስ ዋይፋይ 6 ነው። አዲሱ ከአሮጌው ጋር ይግባባል፤ ስለዚህ ሪሲቨሩ ከራውተሩ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ አይጣሉም። በሁለቱ መካከል የሚሠራው ግን የታናሹ ፍጥነት ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ የነጋዴ ቁጥር ነው። 150፣ 300፣ 600፣ 1200 ይላል። በሰከንድ የሚሄድ ሜጋቢት ነው ይባላል። 1200 የሚለው ሁለት መንገድ ተደምሮ ነው፤ በአንዱ 300፣ በሌላው 867፣ ከዚያ ወደ ላይ ተጠጋግቶ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትጠቀሙም። በተግባር የምታገኙት ደግሞ ከተጻፈው ግማሽ ቢሆን ጥሩ ነው። እና እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ቤታችሁ የገባው መስመር ስንት ነው? 10 ሜጋቢት ከሆነ 150 የሚለው ርካሹ ሪሲቨር እንኳ በፍጥነት አያንሳችሁም። ለ1200 ስትከፍሉ ፍጥነት ገዛችሁ አትበሉ። የምትገዙት ሌላ ነገር ነው፤ 5 ጊጋኸርዝን ነው።

ዋይፋይ የሚሄድበት መንገድ ሁለት ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል። ነገር ግን ሁሉም ሰው እዚያው ላይ ነው። የጎረቤት ራውተር፣ ብሉቱዝ፣ ማይክሮዌቭ ምድጃ ሁሉ ይጋፉበታል። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ንጹሕ ነው፤ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። ከሞባይሉ 5ጂ ጋር አታምታቱት፤ ስሙ ብቻ ነው የተመሳሰለው። ብዙ ራውተር ሁለቱን በሁለት ስም ያሰራጫል። «ስልኬ የሚያየውን ዋይፋይ ኮምፒውተሬ አያየውም» ብሎ የሚመጣ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ሪሲቨሩ 2.4 ብቻ ስለሆነ ነው። አልተበላሸም፤ የዚያኛውን ቋንቋ አያውቅም።

የእኔ ምክር እንዲህ ነው። ግቢ ያለው ቤት ውስጥ ብቻችሁን ከሆናችሁና ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ሁለት ግድግዳ ከራቀ፣ 2.4 ብቻ የሚሠራ ግን አንቴና ያለው ሪሲቨር ግዙ። ጥፍር የምታክለዋን ተዉአት፤ አንቴናዋ ከእህል ፍሬ አይበልጥም። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ፣ ከላይም ከታችም ራውተር ስላለ፣ ሁለቱንም መንገድ የሚሠራውን ግዙ። ጎበዝ ሻጭ ካገኛችሁ ደግሞ ከገመድ ጋር ቆሞ የሚቀመጥ እግር ያለውን ጠይቁ። ለኔ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።

ሲፒዩው ውስጥ የሚገባ ካርድም አለ። ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይሉታል። ጠንካራ ነው፣ አይነቀልም፣ ልጅ አይጎትተውም። ትንሿ ካርድ በረጅሙ ማስገቢያም ትገባለች፤ አትጨነቁ። ሁለት ነገር ግን እዩ። ዋይፋይ 6 የሚሉት ካርዶች ብዙዎቹ ዊንዶውስ 10 ባለ 64 ቢት ይፈልጋሉ። ዊንዶውስ 7 ላይ ያለ አሮጌ ማሽን ከሆነ ገንዘባችሁን ታባክናላችሁ። ሁለተኛ፣ አንቴናዎቹ በቀጥታ ካርዱ ላይ የሚጠመዱ ከሆነ እንደገና ከሲፒዩው ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር ተፋጠው ይቀራሉ። አንቴናው በገመድ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ምረጡ። ብሉቱዝም አለው ተብሎ የተሸጠላችሁ ካርድ ብሉቱዙ እንቢ ካለ፣ አብራው የምትመጣዋን ቀጭን ገመድ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ካለው የዩኤስቢ እሾህ ጋር አላገናኛችሁም ማለት ነው።

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ የምጽፈው ለሳምንት አይሆንም።

መሰካት

ዶሮና እንቁላል የምንለው ነገር እዚህ ይመጣል። ሪሲቨሩን ሰካችሁ፤ ኮምፒውተሩ ድራይቨር፣ ዕቃውን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ጠየቀ። ድራይቨሩ በሲዲ መጥቷል፤ ሲፒዩው ሲዲ ማጫወቻ የለውም። ከኢንተርኔት ይውረድ እንዳትሉ ኢንተርኔቱ የሚመጣው በሪሲቨሩ ነው። ቅድም ያልኳችሁ የስልክ ዘዴ እዚህ ያድናችኋል። በዩኤስቢ ቴዘሪንግ ኢንተርኔት ስጡት፣ ዊንዶውሱ ራሱ ድራይቨሩን ፈልጎ ይጭናል። ካልቻለ፣ የሪሲቨሩን የሞዴል ቁጥር ከጀርባው አንብባችሁ ከአምራቹ ገጽ በፍላሽ አምጡ። ድራይቨር እናገኛለን ከሚሉ የማይታወቁ ገጾች አታውርዱ። እኔ እነሱ ያመጡትን ቫይረስ ለማጽዳት ነው ገንዘብ የማገኘው፤ ቢሆንም አታውርዱ።

የት እንደምትሰኩት ደግሞ ልብ በሉ። ሰማያዊ ምላስ ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ዩኤስቢ 3 ነው። ፈጣን ስለሆነ ይሻላል ብለን ሁሉን ነገር እዚያ እንሰካለን። ነገር ግን ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ያወጣል። ከሪሲቨሯ ጎን ሃርድ ዲስክ ሰክታችሁ ፊልም ስትገለብጡ ዋይፋዩ ከተቆራረጠ ሰይጣን አይደለም፤ ይሄ ነው። 2.4 ብቻ የሆነችውን ሪሲቨር ጥቁሩ ቀዳዳ ላይ ሰኳት፤ ምንም ፍጥነት አታጣም። ወይም በኤክስቴንሽን ገመድ አርቋት። ገመዱ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ይሁን። ከአምስት ሜትር ካለፈ ዩኤስቢው ራሱ ይደክማል።

ሪሲቨሯ ስትሠራ ትሞቃለች። ሞቀች ብላችሁ አትደንግጡ። እጅ የማያስነካ ከሆነ ግን አየር ስጧት።

ራውተሩ የት ይቀመጥ?

እናቴ ራውተሩ ላይ ዳንቴል ጣል አድርጋበት ነበር። ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም ዳንቴል አላቸው፤ እሱ ለምን ይቅርበት? ክር ሲግናል አያግድም። ሙቀት ግን ያፍናል። ራውተር ሲታፈን ቀን ቀን ይጠፋል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ዳንቴሉን ከሥሩ አነጠፍኩላት፤ ታረቅን።

ራውተሩን መሬት ላይ አታስቀምጡ። ከፍ ያለና ለቤቱ መሀል የቀረበ ቦታ ፈልጉለት። ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከፍሪጅ ጎን፣ ከትልቅ መስታወት ፊት አርቁት። የመስታወት ጀርባ ብረት የተቀባ ነው፤ ሲግናሉን ይመልሰዋል። ብረት ይመልሳል፣ ውሃ ይጠጣል። ይህን ሕግ ከያዛችሁ የራሳችሁን ቤት ራሳችሁ ታነባላችሁ።

የእኛን ቤቶች እንይ። ጭድ የተቦካበት የጭቃ ግድግዳ በበጋ ደረቅ ስለሆነ ለ2.4 ብዙ አያስቸግርም። ክረምት ዝናብ ሲመታውና ሲረጥብ ግን ያንኑ ሲግናል ሲቀንስ አይቻለሁ። ብሎኬት ከጭቃው ይከፋል፤ ብረት የገባበት ኮንክሪት ደግሞ ከብሎኬቱ። የቆርቆሮ ግድግዳ ግን በቃ ግንብ ነው። ሲግናሉ የሚሾልከው በበሩና በመስኮቱ ብቻ ነው፤ በሩም የብረት ከሆነ ዘግታችሁት አትጠይቁኝ። ጤፉ እርጥበት አለው፤ አምስት ኩንታል ሲሆን ደግሞ ውፍረቱ ራሱ ግድግዳ ነው። ግቢ ውስጥ የተተከለ ባለ ሁለት ሺህ ሊትር የውሃ ሮቶም በዋናው ቤትና በሰርቪሱ መካከል ከቆመ እንደዚያው ነው።

የአንቴናው አቅጣጫ ሌላ ቀልድ ነው። ሰው አንቴናውን ወደ ኮምፒውተሩ ይቀስረዋል፤ ልክ እንደ ጠመንጃ። ከጫፉ ምንም አይወጣም። ሲግናሉ የሚወጣው ከጎኑ ነው። ቦምቦሊኖ አስቡ። አንቴናው በቀዳዳው መሀል የቆመ እንጨት ነው፤ ሲግናሉ ዙሪያውን ያለው ዳቦ ነው። ቤታችሁ አንድ ፎቅ ከሆነ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ፎቅ ካላችሁና ሁለት አንቴና ካለው አንዱን አቁሙ፣ አንዱን አስተኙ።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ቻናሉን፣ በዚያ መንገድ ላይ የያዘውን ረድፍ፣ እዩ። ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ጻፉ፤ እንቢ ካለ 192.168.0.1 ሞክሩ፤ ትክክለኛው የራውተሩ ሆድ ላይ ተጽፏል። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። አናላይዘሩ የጎረቤቶቻችሁን ያሳያችኋል፤ ሰው ያልበዛበትን ያዙ። «3 ባዶ ነው» ብላችሁ 3ን እንዳትይዙ፤ ከ1 እና ከ6 ጋር ትጋጫላችሁ። እዚያው ሳላችሁ የዋይፋዩን መቆለፊያ ደብሊውፒኤ 2 ወይም 3 አድርጉት፣ በአንድ ቁልፍ ማገናኛውን ደብሊውፒኤስ የሚሉትን ዝጉት፣ ለራውተሩ መግቢያ የተሰጠውንም የይለፍ ቃል ቀይሩት። የመጨረሻውን ማንም አይቀይርም።

የቅዳሜው ችግር

አንዲት ደንበኛዬ ዋይፋይዋ ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ይጠፋል። ሪሲቨር ቀየረች። ቻናል ቀየረች። እኔም ሁለት ጊዜ ሄጄ ምንም አጣሁ፤ የሄድኩት ረቡዕና ዓርብ ነበር። ሦስተኛው ቅዳሜ ሆነ። ቡና ቀርቦ ቁጭ ብዬ ራውተሩን ሳየው፣ መብራቶቹ ሁሉም ጠፉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ መነሳት ጀመሩ። ከጓዳ የአብሲት ሽታ መጣ። ምጣድ ተለኩሷል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። በ220 ቮልት ወደ 15 አምፔር ማለት ነው። ያ ቤት ደግሞ ራውተሩም ምጣዱም የሚበሉት ከአንድ የላላ ሶኬት ነው። ምጣዱ በገባ ቁጥር ቮልቱ ይወድቃል፣ ራውተሩ ይሞታል፣ ይነሳል። ራውተሩን ሳሎን ውስጥ ሌላ መስመር ላይ ሰካንላት፣ ሶኬቱን ኤሌክትሪሻን አሳሰረችው። ቀየርኩት ያለችው ሪሲቨር ደህና ነበር፤ አሁን ለልጇ ሰጠችው።

የራውተር ትንንሽ ዩፒኤስ፣ ባትሪ ያላቸው ሳጥኖች፣ መጥተዋል። መብራት ሲሄድም መስመሩ ካለ ለጥቂት ሰዓት ያቆዩታል። ስትገዙ የራውተሩን አዳፕተር ጽሑፍ አንብቡ። ቮልቱ፣ 9 ይሁን 12፣ በትክክል መመሳሰል አለበት። አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ጫፉ ስለገባ ብቻ አትሰኩ፤ ባለ 12ውን ባለ 9 ራውተር ላይ ሰክቶ ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ። ዘመዴ ነው።

ሰርቪስ ቤት ከሆነስ?

ልጁ ሰርቪስ ውስጥ ነው የሚያጠናው፤ ግቢው 20 ሜትር ነው፤ መሀል ላይ ሁለት የቆርቆሮ ግድግዳ አለ። ሪፒተር ግዙ ይሏችኋል። ርካሹ ሪፒተር በአንድ መንገድ ሰምቶ በዚያው መንገድ ስለሚደግም ፍጥነቱን በግማሽ ይቆርጠዋል። እኔ ገመድ ዘርጉ እላለሁ። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ምንም አይልም፤ ዝናብም ጤፍም አያውቅም።

ገመድ ስትገዙ ቢላ ያዙ። ከውስጥ አንዱን ሽቦ ፋቅ አድርጉት። እስከ ውስጡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ሲፋቅ ነጭ ካወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ይሠራል፣ ግን ሲታጠፍ ይሰበራል። ሻጩ ይቆጣል፤ ይቆጣ። ከቤት ውጭ የሚያልፈው ጥቁር ልባስ ያለው ይሁን። ነጩን ወይም ግራጫውን ፀሐይ ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል።

ጫፉን ራሳችሁ የምትመቱት ከሆነ፣ ጃኩን ምላሱ ወደ ታች፣ የወርቅ ጥርሶቹ ወደ ላይ፣ ገመዱ ወደ እናንተ አድርጋችሁ ያዙት። ከግራ ወደ ቀኝ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሰው የሚሳሳተው መሀል ላይ ነው፤ አረንጓዴው ከነጭ አረንጓዴው ጎን አይደለም፣ ሁለቱ ሰማያዊዎች መሀሉ ላይ ይገባሉ። ሽቦዎቹን በጣታችሁ አሽታችሁ አቅኗቸው፣ እኩል ቁረጧቸው፣ እስከ መጨረሻው ግፏቸው፣ ከዚያ ክሪምፐሩን፣ ጃኩን የሚመታውን መቆንጠጫ፣ አንዴ በደንብ ጨምቁ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ነው።

ሰርቪሱ ውስጥ ዴስክቶፕ ብቻ ከሆነ ገመዱን በቀጥታ ሰኩት፤ ሪሲቨርም አያስፈልግም። ስልክም ካለ አሮጌውን ራውተር አትጣሉት። በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኙትና ግቡበት። የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ልክ እንደ ዋናው ስጡት። ዋናው ቻናል 1 ላይ ከሆነ እሱን 11 አድርጉት። አድራሻውን ወደ 192.168.1.2 ዓይነት፣ ዋናው ራውተር ለሌሎች ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውጪ ወደሆነ ቀይሩት። በአዲሱ አድራሻ እንደገና ግቡና ዲኤችሲፒ የሚለውን አጥፉት፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ቁጥር አዳይ ካለ ይጣላሉ። ከግቢው የመጣውን ገመድ ላን ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ሰኩ፣ ዋን የሚለውን አትንኩት። አለቀ።

ነጎድጓድ

ሰኔና ሐምሌ ላይ ከጮቄ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሲጮህ አይደለም የሚነቀለው፤ ሲጠቁር ነው። የራውተሩን መብራት ንቀሉ። መስመራችሁ በመዳብ የስልክ ገመድ የሚመጣ ከሆነ እሱንም ንቀሉ፤ መብረቅ በሁለቱም ይገባል። ፋይበር መስታወት ስለሆነ መብረቅ አያመጣም፤ የመብራት ገመዱ ግን ያመጣል። በግቢ የተዘረጋውን የኔትወርክ ገመድም ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉ። ዲቫይደሩ ላይ ያለችውን ቀይ ማጥፊያ ብቻ መጫን አይበቃም።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ለራውተሩ ነጠላ ሶኬት በሩ አጠገብ አሠሩ፤ ሲወጡ ነቅለው ይሄዳሉ። ኤክስቴንሽን ገመዴን ግን እስካሁን አልመለሱልኝም።